ሰልፍ፣ መዝሙርና መሐላ፦ ትምህርት ቤቱ የማን ነው?



በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜ ወይም በሺንሽቾ የተማረ ሁሉ የጠዋቱን ሰልፍ ያውቀዋል። ደወል ይደወላል፣ ሰንደቅ ዓላማ ይወጣል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ ወደ ክፍል ይገባል። ነገሩ ተራ ይመስላል። ሆኖም በዚያ ሰልፍ ላይ ልጆች ምን እንዲሉ ይጠየቃል? በማን ስም? ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ሦስት መንግሥታት ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። እያንዳንዱ መልስ ደግሞ የእኛንም የጎረቤቶቻችንንም ልጆች ነክቷል።

📌 ስሟ የበዓል ስም የሆነ ከተማ

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል። በቃል እንደሚነገረው፣ የምኒልክ የጦር አለቃ ራስ አባተ ቧያለው አካባቢውን ሲይዙ ቀኑ የሆሳዕና በዓል ስለነበር ከተማዋ ይህን ስም አገኘች። እኛ ሙስሊሞችም "ሆሳዕና ነው የተወለድነው" ስንል ቅር አይለንም። ስም ስም ነው፤ ማንንም እመን አይልም። ልጅን አሰልፎ "ይህን በል" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን እንያዘው፣ ወደኋላ ይጠቅመናል።

📌 የመጀመሪያው መልስ፦ "አንድ መንግሥት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን"

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሲጭኑ የሚፈጽሙት መሐላም የኦርቶዶክስ እምነትን እጠብቃለሁ የሚል ቃል ነበረበት። ተማሪው በየጠዋቱ የሚዘምረው ብሔራዊ መዝሙር አምላክንና ንጉሥን አንድ ላይ ያነሣ ነበር። ግብረ ገብ የሚባለው ትምህርትም ከክርስትና የራቀ አልነበረም።

በሀዲያና በከምባታ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን "ክፍት" እና "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" ክልል ብሎ ከፈላት። ክፍት በተባሉት አካባቢዎች የውጭ ሚሲዮኖች እምነታቸውን እንዲያስተምሩ ተፈቀደ። የእኛ አካባቢም የሚሲዮን ሥራ የሰፋበት ሆነ፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክም አብሮ መጣ። ይህን በጎ ሥራ መካድ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን አንድ የሀዲያ ሙስሊም አባት ልጁን ፊደል ለማስቆጠር ሲነሣ ምርጫው ጠባብ ነበር፤ በአንድ በኩል የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ በሌላ በኩል የንጉሡን ሃይማኖት የሚያወድስ የመንግሥት ትምህርት ቤት። በአገሪቱ ብዙ ሙስሊም ወላጆች "ልጄ ዲኑን ይዞ ይመለስ ይሆን?" በሚል ስጋት ልጆቻቸውን አስቀሩ። በዘመናዊ ትምህርት ወደኋላ የቀረንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነበር። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው መሰለፋቸውን አንርሳ።

📌 ሁለተኛው መልስ፦ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ"

ደርግ መጣ። ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ድል ነበር። ከብሔራዊ መዝሙሩም የፈጣሪ ስም ወጣ። ታዲያ ችግሩ ተፈታ? አልተፈታም። በፈጣሪ ስም ቦታ መፈክር ገባ። ተማሪ ግራ እጁን ጨብጦ እያነሣ እንዲፎክር ተደረገ።

በዚያ ዘመን በመፈክር የተፈተኑት በተለይ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። "ከሁሉም በላይ አብዮቱ" የሚለውን "ከሁሉም በላይ ፈጣሪ ነው" ብለው እምቢ ያሉ አማኞች ታሰሩ፣ ተገረፉ። በደቡብ የአገራችን ክፍል ብዙ የቃለ ሕይወት አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ዛሬ በሀዲያና በከምባታ አብላጫው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። የዚያን ዘመን ወጣቶች አሁን አያቶች ናቸው፤ ማንም ሰው ልቡ ያላመነበትን ቃል በሰልፍ እንዲናገር መገደድ ምን እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከጎረቤቶቻችን ጋር ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ከዚህ ትዝታ ብንጀምር እንግባባለን።

📌 ሦስተኛው መልስ፦ የሕገ መንግሥቱ

በ1984 ዓ.ም. የጸደቀው የአሁኑ መዝሙር ስለ ዜግነት ክብር፣ ስለ ሰላምና ስለ ሥራ ይናገራል፤ የማንንም ሃይማኖት አያነሣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ። አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን፣ ወላጅም ልጁን በእምነቱ የማሳደግ መብቱን አረጋገጠ። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ አድልዎ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው፣ "ከሃይማኖት ነፃ" የሚለውን ተማሪው እምነቱን በር ላይ ጥሎ ይግባ ብሎ መተርጎም ነው። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከ150 በላይ እህቶቻችን በሒጃብ ምክንያት ከትምህርት ሲታገዱና የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲያመልጣቸው ያየነው ይህን ነው። አንቀጽ 90 የሚገድበው ትምህርት ቤቱን እንጂ የልጅቷን ሒጃብ አይደለም። ሁለተኛው ስህተት "አብላጫው የእኛ ስለሆነ" ብሎ የትምህርት ቤቱን በዓል በአንድ እምነት ጸሎት መክፈት ነው።

ሃይማኖት የሌለበት መዝሙርም ቢሆን በግድ ሲመጣ ሰላም አይሰጥም። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ክልል ሰንደቅ ዓላማና መዝሙር ያስነሣው ግጭት ለዚህ ምስክር ነው። ትምህርት ተስተጓጎለ፣ ተማሪዎች ታሰሩ።

📌 ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ

በአሜሪካ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ የታማኝነት ቃል የሚገቡበት ልማድ አለ። የይሖዋ ምስክሮች ልጆች "ይህ አምልኮ ይሆንብናል" ብለው እምቢ ሲሉ ከትምህርት ቤት ተባረሩ። እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሪቱ በዓለም ጦርነት ውስጥ እያለች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማንም ተማሪ ይህን ቃል እንዲናገር አይገደድም ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1954 ምክር ቤቱ በቃሉ ውስጥ የፈጣሪን ስም ጨመረበት፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። በጦርነት መካከል እንኳ በግዴታ የሚነገር ቃል የአገር ፍቅር እንደማይሆን መቀበላቸው ልብ ሊባል ይገባል።

📌 እኛስ ምን እናድርግ?

በዲናችን መሐላ ከባድ ነገር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚምል ሰው በአላህ ይማል፣ አለዚያ ዝም ይበል ብለው አስተምረውናል። አገርን መውደድ ግን ከዲናችን ጋር አይጣላም፤ እሳቸውም መካን ለቀው ሲወጡ ለከተማዋ ያላቸውን ፍቅር ገልጸዋል። ስለዚህ፦

✅ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ በሥርዓት እንቁም፤ አገራችን ናትና።

✅ የሌላ እምነት ጸሎት ወይም መዝሙር በል ከተባልን አንጩህ፣ አንሳደብ። ለወላጆቻችን እንንገር፤ እነሱም በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በኩል አንቀጽ 90ን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ።

✅ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ዛሬ ሆሳዕና መቀመጫዋ በሆነችው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስልጤና ሀላባም አሉ፤ በዚያ አብላጫዎቹ እኛ ነን። በሆሳዕና የአንድ ሙስሊም ልጅ እንዲከበርለት የምንጠይቀው፣ በሀላባ ቁሊቶና በወራቤ ለአንድ ክርስቲያን ልጅም ሊከበርለት ይገባል። እዚያ በሰልፍ ላይ የእኛን ዱዓ እንዲደግም ከተደረገ፣ እዚህ የምናነሣው አቤቱታ ሚዛኑን ያጣል። አላህ ለራሳችንም ላይ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም አዞናል።

ትምህርት ቤቱ የሁላችንም ልጆች ነው። እምነትን ቤት፣ መስጊድና መድረሳ ያስተምሩት፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የሁሉንም ልጅ እኩል ያሰልፍ።

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀትም በዲንም ያጽናልን፣ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። ኣሚን።

ጽሑፉን ለጓደኞቻችሁ፣ በተለይም ለመምህራንና ለወላጆች አድርሱልን።