የዋይት ሲቲ ማሳና ነጭ ዝንብን ያጠፋችው ተርብ

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የጨረሰው 42.195 ኪሎ ሜትር ልኩን ያገኘው ምዕራብ ለንደን ውስጥ፣ ዋይት ሲቲ ላይ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የ1908ቱ ኦሊምፒክ ማራቶን ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነሥቶ በዚያ ሰፈር በነበረው ስታዲየም፣ ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ለፊት አለቀ። የዚያን ዕለቱ ርቀት በኋላ የዓለም መለኪያ ሆነ። ስታዲየሙ በ1985 ፈርሷል።

ከዚያ ሩጫ በፊት ግን ቦታው ሜዳማ የእርሻ መሬት ነበር።

በግንቦት 1908 የፈረንሳይና የብሪታኒያ ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ 57 ሄክታር የሚጠጋው መሬት በነጫጭ ሕንፃዎች ተሸፍኖ ነበር፤ የሰፈሩም ስም የመጣው ከሕንፃዎቹ ቀለም ነው። ለንደን በሰፋች ቁጥር ለከተማው ገበያ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ወደ ውጭ ተገፋ። በስተሰሜን፣ በሊ ወንዝ ሸለቆ፣ ቲማቲምና ኪያር በመስታወት ቤት የሚለማበት ትልቅ የሥራ መስክ ተፈጠረ።

መስታወት ቤት ለተባይ ይመቻል። ሜዳ ላይ ክሽክሹን ጥንዚዛ ይበላዋል፣ ጥንዚዛውን ወፍ ይለቅመዋል፤ አንዱ ለሌላው ልጓም ነው። ከመስታወቱ ሥር ግን ብርድ የለም፣ ዝናብ የለም፣ አዳኙም አብሮ አልገባም። ነጭ ዝንብ የገባችበት የቲማቲም ቤት ቅጠሉ ደርቆ፣ ነፍሳቷ በምታንጠባጥበው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ጥቁር ሻጋታ በቅሎ ይታያል።

በ1926 ከዋይት ሲቲ በስተሰሜን በምትገኘው ኤልስትሪ አንድ አትክልተኛ እንግዳ ነገር አስተዋለ። በቅጠሎቹ ሥር ከተጣበቁት የነጭ ዝንብ እጮች አንዳንዶቹ ጠቁረዋል። ቸል ሊላቸው ይችል ነበር፤ ነገሩ ግን ቼስሃንት በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው የነፍሳት አጥኚ ኤድዋርድ ስፔየር ዘንድ ደረሰ። ከጥቋቁሮቹ ውስጥ የወጣችው ከአንድ ሚሊሜትር የምታንስ ተርብ ነበረች፤ ኤንካርሲያ ፎርሞሳ ትባላለች። እንቁላሏን የምትጥለው በነጭ ዝንቧ እጭ ውስጥ ነው፤ የተፈለፈለው ልጇ እጩን ከውስጥ እየበላ ያድግና ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ስለማያስፈልጋት ሴቶቹ ብቻቸውን ይራባሉ። ለሚያራባት ሰው ይህ ታላቅ ጸጋ ነው።

ስፔየር ነጭ ዝንብ ያለበትን ተክል እያለማ ተርቧን አራባት። በ1930 ጣቢያው በዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ተርቦች ለ800 ገደማ አልሚዎች ያድል ነበር። ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ተላኩ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ሁሉ ተተወ። ዲዲቲ መጣ፤ ነፍሳት ገዳይነቱን ያገኘው ፓውል ሚውለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አንድ ርጭት ባንድ ቀን የሚሠራውን አይቶ ተርብ ለማራባት የሚደክም ጠፋ። አልሚዎቹን በዚህ መውቀስ ይከብዳል፤ ጉዳቱ የታየው ቆይቶ ነው። መድኃኒቱ ተባዩን ብቻ ሳይሆን የተባዩንም ጠላት ፈጀ። ሬድ ስፓይደር ማይት የምትባለው፣ ሸረሪት የምትመስል ደቃቅ ተባይ፣ ዲዲቲ ብዙም ስለማይጎዳትና የሚበሏት ስላለቁላት ቀድሞ ባልታየ መጠን ተባዛች። ለሌሎቹ መርዞችም ቶሎ ቶሎ ተላመደች።

በዚያ ዘመን ዋይት ሲቲ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ማዕከል ሆና ነበር። በ1974 በማዕከሉ ግቢ ብሉ ፒተር ለተባለው የልጆች ፕሮግራም የአትክልት ቦታ ያዘጋጀው ፐርሲ ትሮወር፣ በአገሩ እጅግ የታወቀ አትክልተኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አይሲአይ የተባለውን የኬሚካል ኩባንያ የአትክልት ምርቶች ለማስተዋወቅ በመስማማቱ፣ ቢቢሲ ከዋናው የአትክልተኝነት ፕሮግራሙ አሰናበተው። ምክንያቱ የንግድ ማስታወቂያ ነበር እንጂ ኬሚካሉ አልነበረም። ታሪኩ ኬሚካሉ በየጓሮው ምን ያህል ገብቶ እንደነበር ያሳያል።

ተርቧ የተመለሰችው በዚያው በ1970ዎቹ ነው። ሆላንድ ውስጥ ግን ቀደም ብሎ ያን ኮፐርት የተባለ ኪያር አልሚ፣ የሚረጨው መድኃኒት ጤናውን ስለጎዳው በ1967 የተባይ ጠላቶችን ማራባት ጀምሮ ነበር። መነሻው ፋይቶሴይሉስ ፐርሲሚሊስ ናት፤ ሬድ ስፓይደር ማይትን እያሳደደች የምትበላ፣ ራሷም ደቃቅ የሆነች አዳኝ።

ይህች አዳኝ ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ ትሠራለች። የጽጌረዳ እርሻ በዝዋይ፣ በሆለታና በሰበታ ሲስፋፋ ሬድ ስፓይደር ማይት አብራ መጣች፤ ርጭቱም በዛ። በ2000ዎቹ መጨረሻ የሆላንዱ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአበባ አምራቾች ጋር አዳኟን በአበባ ቤቶቹ ውስጥ ሞከሩ፤ በርካታ እርሻዎችም ያዙት። በእነዚህ እርሻዎች አንድ ሠራተኛ አጉሊ መነጽር ይዛ በመደቦቹ መካከል እየዞረች ቅጠሉን ገልብጣ ታያለች፤ ተባዩን ለብቻ፣ አዳኙን ለብቻ ቆጥራ ትመዘግባለች። በሚቀጥለው ሳምንት የትኛው መደብ እንደሚረጭና የትኛው ለአዳኟ እንደሚተው የሚወሰነው ይህን ቆጠራ ይዞ ነው።