ከሳይረኑ በፊት የጮኸው ጋዜጠኛ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ አጠገብ ትልቅ ፋብሪካ አለ እንበል። ውስጡ ምን እንደሚከማች አታውቁም። አደጋ ቢኖር ቀድሞ የሚነግራችሁ ማነው? እኔ ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ነኝና መልሴ «ሴንሰሩ ነዋ!» የሚል ነበር። የቦፓልን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። እስቲ ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቦፓል መካከለኛው ሕንድ ውስጥ ያለች የማድያ ፕራዴሽ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ዩኒየን ካርባይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እዚያ ሴቪን የሚባል ፀረ ተባይ የሚያመርት ፋብሪካ ነበረው። ለዚህ ምርት ሚታይል አይሶሳያኔት የሚባል ፈሳሽ ኬሚካል ይጠቀም ነበር። ይህ ኬሚካል ሦስት መጥፎ ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይፈላል፤ ማለትም ትንሽ ከሞቀ ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ሁለተኛ፣ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ አይበንም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ሦስተኛ፣ ውኃ ከነካው ከፍተኛ ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ የሚቀመጠው 0 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ፣ ከውኃም ርቆ ነው።

ዲሴምበር 1981 ላይ ከፋብሪካው ፎስጂን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ አፈትልኮ አንድ ሠራተኛ ሞተ። ሟቹን የሚያውቅ አንድ የከተማው ጋዜጠኛ ነበር፤ ስሙ ራጅኩማር ኬስዋኒ። ኬስዋኒ ኬሚስት አይደለም። የሚያዘጋጀውም በሂንዲ የሚታተም ራፓት የሚባል ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበር። ታዲያ ምን አደረገ? የኬሚስትሪ መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ፤ ሠራተኞቹን እየፈለገ አነጋገረ። ጋዙ ከአየር እንደሚከብድ ሲረዳ ደነገጠ። ምክንያቱም የፋብሪካው አጥር ሥር ብዙ ሺህ ድሆች በደሳሳ ጎጆ ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር 1982 ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ከተማዋን እሳተ ገሞራ አፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጋር አመሳሰላት። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ላይ ከአሜሪካ የመጡ የኩባንያው መሐንዲሶች ፋብሪካውን ፈትሸው ብዙ ከባድ ጉድለቶች መዝግበው ነበር። ሪፖርቱ ግን ለከተማው ሕዝብ አልተነገረም። ዲሴምበር 1982 ላይ ጉዳዩ በግዛቱ ምክር ቤት ሲነሳ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ ምንም አደጋ እንደሌለ ተናገሩ። ኬስዋኒ ተስፋ አልቆረጠም። ጁን 1984 ላይ ጃንሳታ በተባለ ትልቅ ጋዜጣ ያንኑ ማስጠንቀቂያ ደገመው። ሰሚ አላገኘም።

ዲሴምበር 2 ቀን 1984 ሌሊት (በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም.) 40 ቶን ያህል ኬሚካል የያዘ አንድ ታንከር ውስጥ ውኃ ገባ። ኬሚካሉን ማቀዝቀዝ የነበረበት መሣሪያ ከወራት በፊት ተዘግቷል። የሚያመልጠውን ጋዝ አቃጥሎ መጨረስ የነበረበት ማማ ቧንቧው ለጥገና ተፈትቷል። ጋዙን በኮስቲክ ሶዳ ማጠብ የነበረበት ክፍልም ያን ያህል ብዛት የሚችል አልነበረም። አያችሁ፣ መከላከያዎቹ አንድ በአንድ ከሥራ ወጥተው ነበር።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን የሳይረኑ ነገር ነው። ለነዋሪው የሚጮኸው ሳይረን ትንሽ ጮኾ ጠፋ። የተበላሸ እንዳይመስላችሁ! በጥቃቅን ፍሳሽ ምክንያት ሰፈሩ እንዳይደናገጥ ተብሎ፣ ቶሎ ማጥፋት የኩባንያው አሠራር ነበር። ሕዝቡ ከእንቅልፉ የነቃው ዓይኑ ሲቃጠልና ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። ፊትን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ሊረዳ እንደሚችል እንኳ የነገረው አልነበረም። ሐኪሞቹም የትኛውን መርዝ እንደሚያክሙ በውል አያውቁም ነበር። የግዛቱ መንግሥት ያረጋገጠው የሟቾች ቁጥር ከ3,700 ይበልጣል፤ ሌሎች ግምቶች ከዚህ በብዙ እጥፍ ይልቃሉ። ለጋዙ የተጋለጠው ሰው ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ኬስዋኒ ራሱም ያን ሌሊት ከሸሹት አንዱ ነበር።

ኬስዋኒ ቢያንስ በሕይወት ተረፈ። ሌሎች እንዲህ አልቀናቸውም። ግሪጎሪ ፓስኮ የሩሲያ ፓሲፊክ ባሕር ኃይል ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። ባሕር ኃይሉ የኒውክሌር ዝቃጭ ጃፓን ባሕር ውስጥ እንደሚደፋ አጋለጠ፤ በ1997 ተይዞ በኋላ በአገር ክህደት አራት ዓመት ተፈረደበት። እንግሊዛዊው ዶም ፊሊፕስ ደግሞ ጁን 2022 ላይ ብራዚል ውስጥ፣ አማዞን ጫካ ጃቫሪ ሸለቆ፣ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ባለሙያ ከነበረው ከብሩኖ ፔሬይራ ጋር ተገደለ። ዩኔስኮ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2009 እስከ 2023 ባሉት 15 ዓመታት ቢያንስ 749 የአካባቢ ጉዳይ ጋዜጠኞችና የዜና ተቋማት ጥቃት ደርሶባቸዋል። የተገደሉት ቢያንስ 44 ናቸው። ጥፋተኛ ተገኝቶ የተፈረደው ግን በ5ቱ ግድያዎች ብቻ ነው።

ለምን ይህ ሥራ ይህን ያህል አስጊ ሆነ? የአካባቢ ጉዳይ ማስረጃ ቢሮ ውስጥ አይገኝም። ወንዙ ዳር፣ ጫካው መሐል፣ የፋብሪካው አጥር ሥር ነው ያለው። ብዙ ጊዜ ከፖሊስም ከካሜራም ይርቃል። ከጀርባው ደግሞ የመሬት፣ የማዕድን፣ የእንጨት ገንዘብ አለ። በዚያ ላይ ጋዜጠኛው አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ልጅ ነው። ዘገባው ከወጣ በኋላ ተሳፍሮ የሚሄድበት ሌላ ቤት የለውም።

ከቦፓል በኋላ አንዳንድ ነገር ተለውጧል። አሜሪካ በ1986 ባወጣችው ሕግ ፋብሪካዎች ምን ዓይነት አደገኛ ኬሚካል እንደሚያከማቹ ለአካባቢው ሕዝብ እንዲያሳውቁ አስገደደች። ሕንድም በዚያው ዓመት የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አወጣች። ኬስዋኒ ቦፓል ለጠየቀው ጥያቄ ሕግ ዘግይቶ መልስ ሰጠ ማለት ነው። እሱ ግንቦት 2021 በኮቪድ እስኪሞት ድረስ ስለ ተጎጂዎቹ መጻፉን ቀጥሏል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሴንሰር ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም የምማረው እሱን ነው። ግን ሴንሰሩ የሚያነበው ቁጥር የሚደርሰው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ነው። ያ ሰው ዝም ካለ፣ ወይም ዝም እንዲል ከታዘዘ፣ እናንተ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ከአጥሩ ውስጥ ያለውን ከአጥሩ ውጭ ላለው ሰው የሚያደርስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለ ፋብሪካ ደኅንነት ስናወራ ከቫልቩና ከማቀዝቀዣው ጎን አንድ ነገር እንጨምር፦ ያ ሰው ጽፎ በሰላም ቤቱ መግባት መቻሉን።