ጋዜጠኞች ማኅበራዊ ድረ ገጾችን ለዜና ሥራ የሚጠቀሙበት አግባብ

ፌስቡክ እ.ኤ.አ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ትዊተር በ2006 እንዲሁም ቴሌግራም በ2013 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዎች መረጃ የሚሰበስቡበትና የሚያሰራጩበት መንገድ በእጅጉ ተለውጧል። ይህ ጽሑፍ ጋዜጠኞች በእነዚህ ድረ ገጾች እንዴት እንደሚገለገሉ፣ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያደርጉና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድርሻ ምን እንደሆነ ያብራራል።

የጥቆማና የመግለጫ ምንጭ

ጋዜጠኞች ከማኅበራዊ ድረ ገጾች የሚያገኙት መረጃ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የዓይን ምስክሮች ጥቆማ ነው። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 15 ቀን 2009 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ፣ ከመጀመሪያዎቹ ምስሎች አንዱን በትዊተር ያወጣው በጀልባ ላይ የነበረ መንገደኛ እንጂ ጋዜጠኛ አልነበረም።

ሁለተኛው የሚመለከታቸው አካላት የሚያወጡት መግለጫ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በደቂቃዎች ውስጥ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ባለፈበት ዕለት፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት የሐዘን መልእክቱን በትዊተር ገጹ አስተላልፏል። አየር መንገዱም መግለጫዎቹን በማኅበራዊ ገጾቹ አውጥቷል። የልዩ ልዩ አገሮች የዜና አውታሮችም እነዚህን ገጾች ጠቅሰው ዘግበዋል።

ጥቆማ ወደ ማጣራት ሥራ የሚያስገባ መነሻ ነው፤ መግለጫ ግን ስሙን ጠቅሶ ኃላፊነት የሚወስድ አካል አለው። ጋዜጠኛው ሁለቱን በእኩል ሚዛን ሊያያቸው አይገባም።

መረጃን የማረጋገጥ ሥራ

አንድ ፎቶግራፍ ወይም ተንቀሳቃሽ ምስል ለዜና ከመዋሉ በፊት ማን፣ የትና መቼ እንዳነሣው ይጣራል። ለዚህም ጋዜጠኛው ምስሉን በጎግል ወይም በታይንአይ የምስል መፈለጊያ በማስገባት ቀደም ሲል ወጥቶ እንደሆነ ይመረምራል። በምስሉ የሚታዩ ሕንፃዎችን፣ የንግድ ምልክቶችንና መልክዓ ምድሩን ከሳተላይት ካርታ ጋር ያመሳክራል። ከሁሉም በላይ ምስሉን ያነሣውን ሰው በቀጥታ ያነጋግራል።

የገጹ ትክክለኛ መሆን ብቻውን በቂ ማረጋገጫ እንዳልሆነም መገንዘብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 23 ቀን 2013 የአሶሺየትድ ፕሬስ የትዊተር ገጽ በመረጃ ሰርሳሪዎች እጅ ገብቶ በዋይት ሃውስ ፍንዳታ እንደደረሰና ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ እንደቆሰሉ የሚገልጽ ሐሰተኛ መልእክት ተላልፎበታል። መልእክቱ ወዲያውኑ ቢስተባበልም፣ የዶው ጆንስ የአክሲዮን ገበያ አመልካች በደቂቃዎች ውስጥ 140 ነጥብ ያህል ወርዶ ነበር። ገጹ የዜና ወኪሉ ቢሆንም መልእክቱ የእርሱ አልነበረም። ዋይት ሃውስ በስልክ ቢጠየቅ ኖሮ ሐሰተኛነቱ በቀላሉ ይታወቅ ነበር።

ከዚህም በተጨማሪ ትዊተር፣ ዛሬ ኤክስ በሚለው ስሙ፣ ከ2022 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሰማያዊውን የማረጋገጫ ምልክት በክፍያ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ምልክቱ እንደ ቀድሞው የባለቤቱን ማንነት አያረጋግጥም።

የሕግ ማዕቀፍ

የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ወንጀሉ የተፈጸመው ከ5 ሺህ በላይ ተከታዮች ባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ በብሮድካስት ወይም በኅትመት ከሆነ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ100 ሺህ ብር በማይበልጥ መቀጮ እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። በሌላ በኩል፣ መልእክቱን ያስተላለፈው ሰው በነበረበት ሁኔታ የመረጃውን እውነተኝነት ለማረጋገጥ ተገቢ ጥረት ካደረገ ድርጊቱ እንደተከለከለ እንደማይቆጠር ዐዋጁ ያመለክታል።

በመሆኑም ጋዜጠኛው ማንን፣ በስንት ሰዓት እንደጠየቀና ምን ምላሽ እንዳገኘ መዝግቦ መያዙ የሙያ ግዴታው ብቻ ሳይሆን የሕግ ከለላውም ጭምር ነው።

የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የማረጋገጥ ሥራ ጠያቂውንና ተጠያቂውን ይጠይቃል። በዐዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መሥሪያ ቤቶች ለመረጃ ጥያቄ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ እንዲሰጡ ተደንግጓል። ይህ ጊዜ ሰነድ ለማሰባሰብ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማኅተም ያረፈበት የሚመስል ሐሰተኛ ደብዳቤ በቴሌግራም ሲሰራጭ፣ ጋዜጠኛው የሚያስፈልገው «ደብዳቤው የእኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል የደቂቃዎች ምላሽ ነው። ስልኩን የሚያነሣ ባለመኖሩ ዜናው ሳይጣራ ቢቀር፣ ሐሰተኛው ደብዳቤ ያለ ተቃራኒ በሕዝብ ዘንድ ይቆያል።

ስለሆነም የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወናቸው ጠቃሚ ነው፦

- የመሥሪያ ቤቱን ማኅበራዊ ገጾች ዝርዝር በዋናው ድረ ገጽ ላይ ማስፈር፤
- በሥራ ሰዓትም ሆነ ከዚያ ውጭ ለጋዜጠኞች ምላሽ የሚሰጥ ተወካይ መመደብ፤
- ለተወካዩ «እየተጣራ ነው» የማለት ሥልጣን አስቀድሞ መስጠት፤
- መግለጫን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ማውጣት፤
- ስህተት ሲፈጠር ጽሑፉን በዝምታ ከማጥፋት ይልቅ እርማቱን በግልጽ ማስፈር፤
- የገጾቹን የይለፍ ቃል ከአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ጋር ብቻ አለማያያዝና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መጠቀም።

ማኅበራዊ ድረ ገጾች ዜና የሚሰማበትን ፍጥነት ቢጨምሩም፣ ዜናን ከወሬ የሚለየው ተጠያቂ ምንጭ መኖሩ ነው። ይህም በጋዜጠኛው ጥንቃቄና በኃላፊው ፈጣን ምላሽ ላይ እኩል የተመሠረተ ነው።