«ማልቺንግ» ሳይሆን ጉዝጓዝ

ለአቮካዶና ለማንጎ አምራቾች በሚታደሉ የሥልጠና ጽሑፎች ላይ «ማልቺንግ መሥራት» የሚል ሐረግ እየተለመደ ነው። አንዱ ገጽ «ማልች» ይላል፣ ሌላው «ሙልች»፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ማልች የተደረገ ዛፍ» ነው። ባዕድ ቃል በመግባቱ አልቆጣም፤ ትራክተርም ፓምፕም ገብተው ቤተኛ ሆነዋል። የሚያስቆጣኝ ለነገሩ ስም ያለው ገበሬ ስም እንደሌለው መቆጠሩ ነው።

ነገሩ ገለባ፣ ደረቅ ሣር፣ የረገፈ ቅጠል ወይም የቡና ገለፈት በዛፍ ግርጌ መበተን ነው። ለዚህ «የአፈር ሽፋን» የሚሉ አሉ። ሽፋን ግን በጣም ሰፊ ነው፤ ደኑም ሽፋን፣ ሣሩም ሽፋን ነው፤ መሬት እንዳይራቆት የሚዘራው «የሽፋን ሰብል» ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ዘዴ ነው። «አፈር ማልበስ» የሚለው ይብሳል። ገበሬ አፈር አልብስ ቢባል ዘሩን ወይም ድንቹን በአፈር ይከድናል እንጂ አፈሩን በገለባ አይከድንም።

ጎዘጎዘ የሚለው ግስ ግን ሥራውን ራሱን ያሳያል። ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ዳቦ ሲደፋ ኮባ ይጎዘጎዛል። ከጎደጎደ ጉድጓድ እንደወጣ ሁሉ፣ ከጎዘጎዘ ጉዝጓዝ ይወጣል፤ የድምፁ መደጋገምም እፍኝ በእፍኝ የሚበተነውን ሣር ያስታውሳል። በአንዳንድ የግብርና መመሪያዎች ውስጥ ቃሉ ከገባ ቆይቷል። ጉዝጓዝ የበዓል ቃል ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ ክንፍም ከወፍ ወደ አውሮፕላን ሲሻገር ማንም አልተደናገረም።

«ንጣፍ» የሚለውን ያልመረጥሁት ጠልቼው አይደለም፤ ለሌላ ቦታ አስፈልጎኝ ነው። አማርኛ የሚነጠፈውንና የሚጎዘጎዘውን ይለያል፦ ምንጣፍ በአንድ ገጽ ተዘርግቶ ይነጠፋል፣ ቄጠማ ተበታትኖ ይጎዘጎዛል። እንግሊዝኛው ግን ገለባውንም ጥቁሩን ላስቲክም በአንድ ስም ይጠራል። ላስቲኩ «የላስቲክ ንጣፍ» ቢባል ልዩነቱ ከስሙ ይታወቃል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጥቁር ላስቲክ ሙቀት ስቦ አፈሩን ያሞቃል፤ ጉዝጓዝ ግን ፀሐይን ስለሚከልል የቀትሩን ሙቀት ያበርዳል፣ ሌሊት ደግሞ አፈሩ ሙቀቱን ቶሎ እንዳያጣ ያግዛል። በቆላ ማንጎ የተከለ ሰው «ማልች» ብቻ ተብሎ ላስቲክ ቢያነጥፍ፣ የሞቀውን አፈር ይብሱን ያሞቀዋል።

ምርቱ ላይ የሚታየው ውጤት ከዚሁ ይመነጫል። የአቮካዶ መጋቢ ሥሮች ከአፈሩ ገጽ ብዙም አይርቁም። ያ የላይኛው አፈር ሲግልና ሲደርቅ ሥሩ ውኃ መሳቡን ይቀንሳል፤ አበባና ጮርቃ ፍሬ ይረግፋል፤ የቀረውም ሳይወፍር ይቀራል። ጉዝጓዝ ትነትን ይቀንሳል፣ አረምን ያፍናል፣ ሲበሰብስም አፈሩን ያለሰልሳል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በበጋ ነው። እንደ ጨንቻ ባለ፣ አፕል በሚበቅልበት ደጋ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ የተጎዘጎዘ አፈር ሌሊት ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለሆነ፣ ውርጭ በሚያሰጋበት ጊዜ አበባ ያወጣ ዛፍ ሊጎዳ ይችላል።

የሥልጠና ጽሑፍ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች ሆይ፣ ለሣሩና ለገለባው ጉዝጓዝ፣ ለላስቲኩ ንጣፍ በሉ። ጉዝጓዙ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል መራቅ እንዳለበትም ጻፉ፤ ግንዱን ተጠግቶ የተከመረ እርጥብ ሣር ቅርፊቱን ያበሰብሳል።