ዕፅዋታዊ ፀረ ተባይ፦ ምንነቱ፣ ኃይሉና ገደቡ

ዕፅዋታዊ ፀረ ተባይ ከዛፍ ፍሬ፣ ከቅጠል፣ ከሥር ወይም ከአበባ የሚዘጋጅ፣ ሰብል የሚያጠቁ ነፍሳትን የሚገድል ወይም የሚያባርር መድኃኒት ነው። የግብርና ተመራማሪዎች «ቦታኒካል» የሚሉት ይኸንኑ ነው። አንዳንዱ «የተፈጥሮ መድኃኒት» ይለዋል፤ ይህ አጠራር ግን ጉዳት የሌለው ያስመስለዋል። ከምን እንደተሠራና ምን እንደሚሠራ የሚናገረው «ዕፅዋታዊ ፀረ ተባይ» ይሻላል።

ቅርባችን ያለው ምሳሌ ብርብራ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በተፈጥሮ የትም የማይበቅል ዛፍ ሲሆን፣ ለቡና ጥላም ይተከላል። ዓሣ አጥማጆች ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ ሲያደነዝዙበት ኖረዋል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የነፍሳቱን ሕዋስ ጉልበት እንዳያመነጭ ያግደዋል፤ ተባዩ ይዝላል፣ መብላት ያቆማል፣ ይሞታል። የእንሰትን ሥር እየመጠጠ በሚያቀጭጨው፣ ነጭ ዱቄት የለበሰ በሚመስለው ሚሊበግ ላይም ተሞክሯል። የቆላው ኒም ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፦ አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገሩ የነፍሳቱን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ትሉም ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርጋል።

አዘገጃጀቱ ከባድ አይደለም። የደረሰው የብርብራ ፍሬ ከቆባው ይፈለፈላል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ በጨርቅ ይጠለላል። ሮቴኖን በፀሐይ ቶሎ ስለሚበላሽ የሚረጨው አመሻሽ ላይ ነው። ቶሎ መበላሸቱ ሰብሉ ላይ ለረጅም ጊዜ እንዳይቆይ ስለሚያደርግ ደግ ነው፤ ተባዩ ተመልሶ ከመጣ ግን ርጭቱን መድገም ግድ ይላል። ሲወቅጡም ሆነ ሲረጩ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ዕቃውንም ከወንዝና ከኩሬ አርቆ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ዓሣ የሚገድል ነገር ነውና።

ገደቡን ለማየት የጉመር ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው አረቅጥ እንውጣ። አገሩ ደጋ ነው፤ ኒም አይሆነውም፣ ብርብራም ዝቅ ያለ አገር ይወዳል። የጓሮው ንጉሥ እንሰት ነው፤ የእንሰት ትልቁ ጠላት ደግሞ ነፍሳት ሳይሆን፣ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳወቁት የአጠውልግ በሽታ ነው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ብርብራም ሆነ የሱቅ ኬሚካል አያድነውም። በሽታው በቢላዋ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስለሚሄድ መድኃኒቱ ጥንቃቄ ነው፦ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ችግኝ ከጤናማ ጓሮ ማምጣት።

ወደ ወልቂጤ ዝቅ ሲሉ ቡና፣ ማንጎና አቮካዶ ይመጣሉ፤ ዕፅዋታዊ ፀረ ተባይ ይበልጥ የሚጠቅመውም እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ያም ቢሆን ከመርጨትዎ በፊት የታመመውን ቅጠል ወይም ፍሬ ይዘው የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ያማክሩ፤ ጠላቱ ሳይታወቅ የሚረጭ መድኃኒት፣ ከዛፍም ይምጣ ከፋብሪካ፣ ድካም ብቻ ነው።