የኤሌክትሪክ መኪና የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ለምን ቀድሞ ያልቃል?

ከውጭ ለሚያየው ጎማው ጤነኛ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ነው፣ ጎኑም አልተሰነጠቀም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ከሥር ሲታይ ግን የውስጠኛው ጠርዝ ተልጦ የብረት ክሩ ብቅ ብሎ ይገኛል። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤቶች ይህን የሚያውቁት ለሌላ ጉዳይ ጋራዥ ሲገቡ ነው፤ ያልታደሉት ደግሞ ጎማው በፍጥነት መንገድ ላይ ሲፈነዳ። የፊት ጎማን የውስጥ ጠርዝ መሪውን ጥግ ድረስ በማዞር ማየት ይቻላል። የኋላው ጎማ በአብዛኞቹ መኪኖች ስለማይዞር ጉዳቱ ተደብቆ ይቆያል።

በዚህ ጊዜ ጥፋቱ ወዲያው በመኪናው ክብደት ላይ ይላከካል። አባባሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት 2,000 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል፤ ሞተሩም ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው ገና ከመነሻው ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነባቸው መኪኖች የኋላ ጎማዎች መኪናውን ከመግፋታቸውም በላይ፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ባትሪውን እየሞሉ ፍጥነቱን የሚቀንሱትም እነርሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ክብደትና ጉልበት ጎማውን በሙሉ ስፋቱ ቶሎ ይጨርሱታል እንጂ አንዱን ጠርዝ ብቻ መርጠው አይበሉም። በአንድ ጎን ያለቀ ጎማ የሚናገረው ስለ አቀማመጡ፣ ማለትም ስለ አላይመንቱ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ዋናዎቹ አቀማመጦች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ካምበር ይባላል፤ መኪናው ከኋላ ሲታይ ጎማው ቀጥ ብሎ መቆሙን ወይም አናቱ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን ያመለክታል። አምራቾች መኪናው በኩርባ ላይ መንገድ እንዲጨብጥ ሲሉ የኋላ ጎማን አናት ሆን ብለው ጥቂት ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል። ሁለተኛው ቶ ሲሆን፣ ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ትይዩ መሆናቸውን ወይም አፍንጫቸው ወደ ውስጥ አለዚያም ወደ ውጭ መዞሩን ይገልጻል።

ሰው በዓይኑ የሚያየውና የሚከሰው ካምበርን ነው፤ ጎማን በፍጥነት የሚፈጀው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተዛባ ቶ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጎማ መኪናው ከሚሄድበት መስመር 0.3 ዲግሪ ዞሮ ቢቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። ተቃራኒው ጎማም በአንጻሩ ስለሚገፋ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሾፌሩም ምንም አይሰማውም። በ10,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግን ጎማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል በጎኑ አስፋልት ላይ ተፈግፍጓል ማለት ነው። ዲያሜትሩ 70 ሴንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ላይ ይህ ዝንፈት በፊተኛውና በኋለኛው ጠርዝ መካከል ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ልዩነት ስለሆነ በዓይን አይለይም። አናቱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጎማ ደግሞ ይበልጥ የሚሸከመው በውስጠኛው ጠርዝ ነው። መፈግፈጉ በዚያ ጠባብ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ነው ጎማው ከውስጥ የሚላጠው።

በዚህ ረገድ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው የቴስላ ሞዴል ኤስ ነው። የኋላ ካምበሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ማስተካከያ የለውም፤ ቶው ግን ይስተካከላል። በአየር የሚሠራ ሱስፔንሽን ያላቸው ሲሆኑ ደግሞ መኪናው ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው ይበልጥ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተለመደው የፎልክስቫገን አይዲ 4 ሌላ ችግር አለበት፤ በብዙዎቹ ላይ የኋላ ጎማዎች ከፊተኞቹ ስለሚሰፉ የፊቱን ወደ ኋላ እያዘዋወሩ ድካሙን ማካፈል አይቻልም።

ችግሩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በጥርስ ጥልቀት መለኪያ እያንዳንዱን ጎማ በውስጥ፣ በመሀልና በውጭ በኩል መለካት በቂ ነው። አዲስ ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥርስ አለው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሕጉ ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መሀሉ ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቷል፤ ሁለቱም ጠርዞች ካለቁ አየሩ አንሷል። ውስጡ ብቻ ካለቀ ግን አላይመንቱ ይጠረጠራል። እጅን በጎማው ወርድ ላይ ወዲያና ወዲህ ማንሸራተትም ይረዳል፦ በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ሻካራ ከሆነ የተዛባ ቶ ምልክት ነው። እንዲህ የተበላ ጎማ ስለሚያጓራ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ የሞተር ድምፅ ስለሌለው፣ ደህና ኩሽኔታ ያለጥፋቱ የሚቀየርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጋራዥ ሲገባ በቅድሚያ የሚጠየቀው የአራቱም ጎማ አላይመንት ነው። የፊቱን ብቻ አስተካክሎ መሸኘት የቆየ ልማድ ቢሆንም ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም። ከልኬቱ በፊት የጎማው አየር በበሩ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላል፤ የአየር ሱስፔንሽን ያለው መኪና አምራቹ ባዘዘው ከፍታ ይቆማል፤ የሱስፔንሽኑ የላስቲክ ማያያዣዎች አለመላላታቸው ይታያል። የላላ ማያያዣ ቆሞ ሲለካ ትክክል መስሎ፣ መኪናው ሲገፋና ሲያዝ ቦታውን ይለቃልና ይህ ፍተሻ የሚዘለል አይደለም። መኪናው የሚነሣው ለክሪክ በተዘጋጁት ነጥቦች ብቻ ነው፤ በሌላ ቦታ ከተነሣ የባትሪው ሣጥን ሊጎዳ ይችላል።

ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው። መጀመሪያ የኋላው ይስተካከላል፣ ከዚያ የፊቱ ከኋላው ጋር ይገጠማል። የኋላ ጎማዎች አፍንጫ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከዞረ መኪናው እንደ ሸርጣን በጎኑ ይሄዳል፤ ሾፌሩም ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን አጣሞ ይይዛል። ካምበር ከተነካ ቶውም ስለሚለወጥ የመጨረሻው ልኬት ሁልጊዜ የቶ ነው። ሥራው ሲያበቃም የመሪውን አንግል የሚያነብበው ሴንሰር፣ አምራቹ በሚያዝባቸው ሞዴሎችም ካሜራው፣ እንደገና ይለካል።

ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ማንበብ የባለቤቱ ፋንታ ነው። አረንጓዴ ቀለም የሚያሳየው ልኬቱ በተፈቀደው ክልል ውስጥ መሆኑን ብቻ ነው፤ ክልሉ ደግሞ ሰፊ ነው። የግራው በክልሉ አንድ ጫፍ፣ የቀኙ በሌላው ጫፍ ሆነው ሁለቱም አረንጓዴ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ልኬቱ ወደ ክልሉ መካከል እንዲቀርብና ግራና ቀኙ እንዲመሳሰሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወረቀቱ ከማስተካከሉ በፊት የነበረውንም ቁጥር መያዝ አለበት፤ ያለዚያ ምን እንደተሠራ ማወቅ አይቻልም።

ቶው ተስተካክሎም የካምበሩ ልክ ከተፈቀደው ውጭ ከሆነና መኪናው ማስተካከያ ከሌለው፣ መጀመሪያ የተጣመመ ክፍል ወይም የወደቀ ሞላ ይፈለጋል። ይህ ካልተገኘ ርዝመታቸው የሚስተካከል የሱስፔንሽን ክንዶችን የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። በጀርመን ግን እንዲህ ያለ ለውጥ ያለ ፈቃድ ከተደረገ መኪናው በመንገድ ላይ የመንቀሳቀስ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ በሌሎች አገሮችም ዋስትናን ይነካ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ጉዳዩ በተለይ የሚከብደው በመኪናቸው ለሚተዳደሩት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ተሳፋሪና ሻንጣ ጭኖ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የሚመላለስ ሾፌር መኪናው ከኋላ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ፣ ባዶውን የተለካ ካምበር በሥራ ሰዓት የተለየ ነው። እንዲህ ያለው ሾፌር የዘወትር ጭነቱን ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎችን ማስገባት ከከለከለች ወዲህ፣ ጉድጓድ የበዛበት መንገድና ከባድ መኪና በየዕለቱ እየተገናኙ ነው፤ አንድ ኃይለኛ ምት ብቻውን ቶን ሊያዛባ ይችላል።

አዲስ ጎማ የሚገዛ ሰው አላይመንቱን በዚያው ቀን ማሠራት አለበት፤ የተበላው ጎማ አይመለስምና። ከ3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ሦስቱ ቦታዎች እንደገና ይለካሉ። ውስጡ አሁንም ከውጩ ቀድሞ እያለቀ ከሆነ፣ በማሽኑ ላይ ቆሞ ያልታየ፣ በጉዞ ላይ ግን የሚላላ ማያያዣ አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላ ጎማ ከመግዛት በፊት የሚፈተሸው እርሱ ነው።