የተከራየ መኪና ዘይቱን ማን ይቀይር?
የጥገና ታሪክ በአዋሽ ሸለቆ

እንደሚታወቀው ባቡር ወደ አዋሽ ሸለቆ የመጣው በውል ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሐዲድ የመዘርጋትና የማሠራት መብት ለ99 ዓመት ሰጡ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከድሬዳዋ ሳያልፍ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. የተተካው ሁለተኛው ኩባንያ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በዚህ ውል መሠረት ሐዲዱንም ባቡሩንም የሚጠግነው ኩባንያው ራሱ ስለነበር ትልቁን ወርክሾፕ ድሬዳዋ ላይ አቆመ። ድሬዳዋ በሜካኒክና በብረታ ብረት ሙያ ስሟ የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። አዋሽ ከተማ ግን የደረሳት ጣቢያው፣ ድልድዩና የመንገደኛው ቡፌ ነው፤ ባቡሩ በየቀኑ ቢያልፍባትም ሙያው አልወረደባትም ማለት ይቻላል።

ጋራዥና ለገሃር የሚሉትን ቃላት ከፈረንሳይኛ ወሰድን። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ካላማዳሪ፣ ጎሚስታና ቦሎ ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጭነት መኪና ከደሴ ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ በብዛት መታየት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነበርና ሾፌሩና ረዳቱ ሥራውን ከነስሙ ተማሩት።

እርሻው ውስጥ ትራክተር በብዛት የገባው በ1950ዎቹ ነው። በዘመኑ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር በመሆን ተንዳሆና ዱብቲ ላይ የጥጥ እርሻ አቋቋመ፤ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1954 ዓ.ም. ተመሠረተ። ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬና የአውሳ ባለመሬቶችም ወደ ጥጥ ልማት ገቡ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሲሆን ትልልቆቹ እርሻዎች ወደ መንግሥት ዞሩ። ከዚያ በኋላ በአሚባራ በመስኖ ላይ ለሠፈሩ አርብቶ አደሮች የመንግሥት እርሻ ትራክተሮች መሬቱን እያረሱላቸው ወጪው ከምርቱ ሽያጭ ይታሰብ ነበር። ይህ በመሠረቱ የመኪና ኪራይ ነው። የኪራዩ ደካማ ጎን ግን እዚህ ላይ ይታያል። መሬቱ ታርሶ ይሰጣል፣ ጥጡ ይዘራል፤ ዘይት የሚቀየረው፣ ግራሶ የሚሞላው፣ መለዋወጫ የሚመዘገበው ግን በእርሻ ድርጅቱ ወርክሾፕ አጥር ውስጥ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከመሬቱ የተወሰነው ወደ ጎሳዎች ሲመለስ መሬቱ ብቻውን መጣ፤ ትራክተሩን ለማምጣት ከባለሀብት ጋር እንደገና መዋዋል ግድ ሆነ። በዚህ ጉዳይ አርብቶ አደሩን «መኪና መያዝ አይችልም» ብሎ መውቀስ ትክክል አይደለም፤ ግራሶ ፖምፓ ማን አስጨበጠው?

ሸለቆው ደግሞ ለሞተር የሚራራ አገር አይደለም። ሰመራ ላይ በበጋውም በክረምቱም ያለው ሙቀት ይታወቃል፤ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የባትሪ ውሃ ቶሎ ይተንናል። የጎማ ነፋስ እኩለ ቀን ላይ ተለክቶ «በዝቷል» ተብሎ ቢቀነስ በማግሥቱ ጠዋት ጎማው ጎድሎ ይገኛል፤ ስለዚህ የሚለካው መኪናው ሳይነሣ በማለዳ ነው። ከአዋሽ ወንዝ የተቀዳ ውሃ በራዲያተር ውስጥ ደለሉን ያስቀምጣል። በበሰቃ ሐይቅ አካባቢ ያለው ውሃ ደግሞ ጨዋማ ስለሆነ ብረት ይበላል። በጥጥ ለቀማ ወራት የጥጥ ብናኝና ደረቅ ሣር የራዲያተሩን ክንፎች ይደፍናል፤ ሞተሩ ሲግል ሾፌሩ ውሃ መጨመር እንጂ ብናኙን ማራገፍ አይታሰበውም። አቧራውም ከዚህ የከፋ ነው። በአየር ማጣሪያ በኩል ያለፈ አቧራ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የትራክተር ሞተር ዘይት እንደየሥሪቱ ቢለያይም ብዙ ጊዜ በ250 ሰዓት ሥራ ይቀየራል ይባላል፤ የአምራቾቹ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ አቧራ በበዛበት ቦታ ጊዜው እንዲያጥር ያዛል። የአየር ማጣሪያውን ግን በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ደርጊ ሃራ አለ። በደርግ ጊዜ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የተተከለው ይህ ዛፍ ዛሬ ግጦሹንም እርሻውንም ወርሯል፤ እሾሁ የትራክተር ጎማ ይበሳል። በአፋር የሚሠራ ትራክተር ካላማዳሪና ማጣበቂያ ሳይዝ ከካምፕ መውጣት የለበትም።

ሕጉስ ምን አደረገ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ኪራይን ከጥንቱም ያውቀዋል። የካፒታል ዕቃ ኪራይን ለይቶ የተመለከተው ግን አዋጅ ቁጥር 103/1990 ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 807/2005 ተሻሽሏል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ልማት ባንክና በየክልሉ የተቋቋሙ የካፒታል ዕቃ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ በአማራ ክልል ዋልያ፣ ማሽን በኪራይ ማቅረብ ጀመሩ። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱም በሩን ሰፋ አደረገው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች ዋናው ነጥብ ሁለቱን የኪራይ ዓይነቶች አለማምታታት ነው። ሰመራ ላይ መሥሪያ ቤቶች ላንድክሩዘር ሲከራዩ በተለምዶ ሾፌሩና ጥገናው የባለቤቱ፣ ናፍጣው የተከራዩ ነው። መኪናው ቢቆም ባለቤቱ ሌላ ያመጣል ወይም ክፍያው ይቋረጣል። በፋይናንስ ኪራይ የመጣ ትራክተር ግን በወረቀት የአከራዩ ይሁን እንጂ ሰርቪሱም ብልሽቱም በአብዛኛው የተከራዩ ማኅበር ዕዳ ነው፤ ትራክተሩ ቆሞ እንኳ የኪራዩ ክፍያ አይቆምም። ላንድክሩዘር መከራየት የለመደ ኮሚቴ ትራክተሩንም «አከራዩ ይጠግነዋል» ብሎ ቢጠብቅ፣ የሚነቃው የክፍያው ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ነው።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በዚህ ረገድ የተሻለ ውል ይዞ መጣ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር የቻይና ኩባንያዎች ለ6 ዓመት እንዲያስተዳድሩትና የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞችን እንዲያሠለጥኑ ስምምነት ተደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራውን አስረክበው ወጡ። የምኒልክ ዘመን ውል 99 ዓመት ነበረው፤ በዚህኛው ርክክቡ ከነሥልጠናው በ6 ዓመት ተወሰነ።

የትራክተር ውልም እንዲሁ ሊጻፍ ይችላል። ማሽኑ ሲረከብ የሰዓት መቁጠሪያው ንባብ ይመዘገባል፤ የመጀመሪያውን ሰርቪስ ማን እንደሚሠራ፣ ማጣሪያና ቺንጋ ከየት እንደሚገዛ፣ ብልሽት ቢደርስ አቅራቢው በስንት ቀን ሜካኒክ እንደሚልክ በቁጥር ይገባል፤ ከአባላቱ መካከል ቢያንስ 2 ወጣቶች ከአቅራቢው ሜካኒክ ጋር ቆመው እንዲማሩ አንድ መስመር ይጨመራል። የሰርቪስ ደብተሩ በሊቀ መንበሩ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በትራክተሩ ላይ፣ በሾፌሩ እጅ ይቀመጣል።